ወደ ሰሜን የሚፈሰው ወንዝና የዊኒፔግ ከተማ፤ ስለ በረዶ ጎርፍ የተደረገ አጭር የታሪክ ጥናት

ጎርፍ ሲባል በብዙዎቻችን አሳብ የሚመጣው የዝናብ ውሃ ነው። ዳሩ ግን በሰሜን አሜሪካ ሜዳማ አገሮች አንድ ጠብታ ዝናብ ሳይወርድ፣ ሰማዩ ጠርቶ ፀሐይ ወጥታ ሳለ፣ ወንዞች ከዳርቻቸው አልፈው እርሻና ከተማ የሚያጥለቀልቁበት ጊዜ አለ። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በሬድ ሪቨር (በቀይ ወንዝ) ላይ የደረሱትን ታላላቅ ጎርፎች ተመልክቶ አንድ ጥያቄ መመርመር ነው፤ ይኸውም አደጋው አስቀድሞ እየታወቀ የዊኒፔግ ከተማ ስለ ምን በጎርፉ መንገድ ላይ ተስፋፋች የሚል ነው። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ የወንዙን ጠባይ ማወቅ ያስፈልጋል። ሬድ ሪቨር በአሜሪካ የሰሜን ዳኮታና የሚኒሶታ ግዛቶች ወሰን ላይ እየሄደ ወደ ካናዳ ይገባል፤ በዊኒፔግ ከአሲኒቦይን ወንዝ ጋር ተገናኝቶ በመጨረሻ ዊኒፔግ ሐይቅ ይገባል። ጉዞው እንግዲህ ከደቡብ ወደ ሰሜን ነው። የጸደይ ሙቀት አስቀድሞ የሚደርሰው በደቡብ ስለ ሆነ የላይኛው ውሃ ቀልጦ ሲወርድ የታችኛው ወንዝ ገና እንደ ድንጋይ ጠጥሮ ይጠብቀዋል። የተሰበረው በረዶ በወንዙ መታጠፊያ ወይም ገና ባልቀለጠው በረዶ ላይ ተከማችቶ እንደ ግድብ ይሆናል፤ ውሃውም መውጫ አጥቶ ወደ ኋላ ይመለሳል። ሸለቆ የሚባለውም አገር በእውነቱ ሸለቆ አይደለም። ከብዙ ሺህ ዓመታት በፊት የደረቀው አጋሲ የተባለ ታላቅ ሐይቅ ወለል ነውና፣ ለዓይን ፍጹም ሜዳ ነው። ስለዚህ ውሃው ከዳርቻው አንድ ጊዜ ከወጣ የሚያቆመው ኮረብታ የለም።

ሎርድ ሴልከርክ ያሰፈራቸው የስኮትላንድ ሰዎች በ1812 ወደዚህ ሥፍራ መምጣት ጀመሩ። መሬቱ ለም፣ ወንዙም መንገድ ነበር። በ1826 ግን ከከባድ ብርድና ከብዙ በረዶ በኋላ ጎርፍ መጣ። የበረዶው ክምር ቤቶችን ከመሠረታቸው ነቅሎ ወሰደ፤ ሰዎች ከብቶቻቸውን እየነዱ ከፍ ወዳለ መሬት ሸሹ። የኋለኞቹ መሐንዲሶች የዚያን ጊዜውን ውሃ በሴኮንድ ወደ 6,400 ሜትር ኩብ ገምተውታል፤ እስከ ዛሬ በልኬትም ሆነ በግምት ከታወቁት የዚህ ወንዝ ጎርፎች የሚበልጠው የለም። ከሰፋሪዎቹ መካከል ስዊሶችና ደ ሜውሮን የሚባሉት የቀድሞ ወታደሮች አገሩን ለቀው ወደ ደቡብ ሄዱ፤ የቀሩት ግን ውሃው ሲጎድል ተመልሰው ቤታቸውን ሠሩ። በ1852 እና በ1861 ጎርፉ እንደ ገና ተመለሰ።

የታሪኩ ዋና መታጠፊያ ከዚህ በኋላ ነው። አገር አቋራጩ የባቡር ሐዲድ ወንዙን በየት ይሻገር የሚለው ነገር ሲመረመር፣ መሐንዲሱ ሳንድፎርድ ፍሌሚንግ ያለፉትን ጎርፎች ጠቅሶ መሻገሪያው በዊኒፔግ እንዳይሆን፣ ወደ ሰሜን በምትገኘው በሴልከርክ እንዲሆን መከረ። የዊኒፔግ ነጋዴዎችና ሹማምት ግን ይህን አልወደዱም። ለባቡሩ ኩባንያ የጣቢያ ቦታ ለመስጠትና ከከተማ ግብር ነጻ ለማድረግ ተስማሙ፤ በ1881ም ሐዲዱ በዊኒፔግ እንዲያልፍ ተወሰነ። እንግዲህ የተሸነፈው ዕውቀት ነው ማለት ይቻላል። ከተማይቱም በፍጥነት አደገች፤ በ1911 የሕዝቧ ቁጥር ከ130,000 በላይ ሆነ። በእነዚህ ዓመታት ታላቅ ጎርፍ ስላልመጣ የ1826 ነገር የሽማግሌዎች ተረት መሰለ።

በ1950 ተረቱ እውነት ሆነ። ከእርጥብ መከርና ከብዙ በረዶ በኋላ ጸደዩ ዘገየ፤ በግንቦት ወር ዝናብ ተጨመረበት፤ መከላከያ የአፈር ክምሮችም ተደረመሱ። ወደ 100,000 የሚሆን ሕዝብ ከከተማው ወጣ። ይሁን እንጂ የውሃው መጠን ከ1826ቱ ግማሽ እንኳ አልሞላም ነበር። በ1958 የማኒቶባ ጠቅላይ ሚኒስትር የሆኑት ዳፍ ሮብሊን ውሃውን በከተማው በስተምሥራቅ አዙሮ የሚያሳልፍ 47 ኪሎ ሜትር ቦይ እንዲቆፈር ተከራከሩ። ተቃዋሚዎች ወጪው በዛ ብለው «የዳፍ ቦይ» እያሉ ተሣለቁ። ሥራው በ1962 ተጀምሮ በ1968 ተፈጸመ።

በ1997 የመጣው ጎርፍ ከ1950ው ይበልጥ ነበር። በአሜሪካ በኩል ግራንድ ፎርክስ የተባለችው ከተማ የውሃው ከፍታ ከተተነበየው በላይ ሆኖ ተዋጠች፤ በውሃ በተከበበው መካከለኛ ክፍሏም እሳት ተነሥቶ ሕንጻዎች ተቃጠሉ። ዊኒፔግ ግን በቦዩ ዳነች። የሣቁትም ሰዎች ዝም አሉ።

ዳሩ ግን ነገሩ በዚህ አያልቅም። ውሃው ወደ ቦዩ እንዲገባ የወንዙ መዝጊያ ከፍ ሲል፣ ከመዝጊያው በላይ በደቡብ ያለው ውሃም ከፍ ይላል። ስለዚህ በ1997 ከከተማው ውጭ የሚኖሩ ገበሬዎችና መንደርተኞች «ዊኒፔግ በእኛ ኪሳራ ዳነች» ብለው አማረሩ፤ አቤቱታቸውም መሠረት ነበረው። ቦዩ ከዚያ ወዲህ በሴኮንድ ወደ 4,000 ሜትር ኩብ እንዲያሳልፍ ተስፋፍቷል። ከከተማው በታች ግን የበረዶው ግድብ ዛሬም አልተሸነፈም፤ በ2009 በሴልከርክ አካባቢ ቤቶችን አጥለቅልቋል። ፍሌሚንግ የመከረው ሥፍራም ከበረዶ አደጋ ፍጹም ነጻ እንዳልነበረ ከዚህ እንረዳለን።

ከዚህ ሁሉ የምንደርስበት ፍርድ የሚከተለው ነው። በረዶውን ያመጣው ሰማይ ነው፤ ከተማውን በመንገዱ ላይ ያስቀመጠው ግን የሰው ውሳኔ ነው። ጎርፍ ሳይመጣ ያለፉት ዓመታት ሰዎችን ያዘናጉትን ያህል፣ የመጣባቸው ዓመታት አላስተማሩም። ከዚያም በላይ፣ አንዱን ለማዳን የተሠራ ሥራ ሁሉ ውሃውን ወደ ሌላው የሚገፋ ከሆነ፣ ማን ይዳን፣ ማን ይካስ የሚለው ጥያቄ ለመሐንዲስ ብቻ የሚተው አይደለም። የሕግና የታሪክ ተማሪም ሊመረምረው ይገባል።