ሌት ልኬት

አስተር የአደይ አበባ የሩቅ ዘመድ ነው፤ ሁለቱም ከአንድ የዕፅዋት ቤተሰብ ናቸው። ከርሞም ከዚያው ሥር የሚያቆጠቁጠው የሰሜን አሜሪካው አስተር በአገሩ የሚያብበው በመስከረምና በጥቅምት ነው። እንግሊዞች በቅዱስ ሚካኤል በዓላቸው ስም ይጠሩታል፤ በዓሉ መስከረም 19 ቀን፣ ከመስቀል በሁለተኛው ቀን ይውላል። ጋሞዎች መስቀላ የሚሉትን በዓል የሚያከብሩበት ሰሞን ማለት ነው።

አበባው መስከረም መጥባቱን በምን ያውቃል? በሌቱ። ተክል የሌሊቱን ርዝመት ለክቶ የሚያብብበትን ጊዜ የሚለይበት ባሕርይ በሳይንስ ፎቶፔሪዮዲዝም ይባላል። እኔ «ሌት ልኬት» እለዋለሁ፤ እንዲህ ያለውን ተክል ደግሞ «ሌት ለኪ»።

ስለ ብርሃን የሚናገረውን የሳይንሱን ቃል ወደ ሌት ማዞሬ በምክንያት ነው። ጋርነርና አላርድ የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች በበጋ አላብብ ያለ የትንባሆ ዘር ነበራቸው። ከሰዓት በኋላ ጨለማ ቤት እያስገቡ ቀኑን ሲያሳጥሩበት አበበ። ግኝታቸውን በ1920 እ.ኤ.አ. ሲያሳትሙ ምስጢሩ የቀኑ ማጠር መስሏቸው ነበር፤ «የአጭር ቀን ተክል» የሚለው አጠራርም ከዚያ ቀረ። በ1938 እ.ኤ.አ. ግን ሌሎች ተመራማሪዎች ረጅሙን ሌሊት መሐል ላይ ለጥቂት ደቂቃ ብርሃን ሲያቋርጡት ሌላ የአጭር ቀን ተክል ሳያብብ ቀረ። የሚለካው ያልተቋረጠው ጨለማ ኖሯል። ስሙ ከተሳሳተው ግምት ይልቅ እውነቱን ቢይዝ ይሻላል ባይ ነኝ።

ወደ እኛ ስንመጣ፣ አርባ ምንጭ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 6 ዲግሪ ላይ ናት። የዓመቱ ረጅሙ ሌት ከአጭሩ የሚበልጠው በ40 ደቂቃ ገደማ ብቻ ነው፤ ለንደን ላይ ልዩነቱ ወደ 9 ሰዓት ይጠጋል። ብዙዎቹ አስተሮች ግንዳቸው እንዲረዝም አጭር ሌት፣ እንዲያብቡ ረጅም ሌት ይሻሉ። እዚህ ሌቱ ዓመቱን ሙሉ 12 ሰዓት አካባቢ ስለሆነ ግንዱ እንደ አገሩ አይመዘዝም። ወደ ደጋማዋ ጨንቻ ቢወጡ ፖም የወደደው ብርድ ለአስተሩም ከቆላው ሙቀት ይሻለዋል፤ ሌቱ ግን ያው ነው፤ ከፍታ ሌት አያስረዝምም።

በምድር ወገብ አካባቢ ለገበያ የሚያለሙት መላ አግኝተዋል። በሌሊት አምፖል እያበሩ ያሳድጉታል፤ ግንዱ ሲረዝምላቸው መብራቱን ያጠፋሉ፤ ያኔ እንቡጥ ይቋጥራል። በግቢያችሁም መሞከር ይቻላል፤ አስተሩን የበረንዳው መብራት በደንብ በሚደርስበት ቦታ ትከሉት፤ ጉልበት ሲደርስ መብራቱን አጥፉለት።