ሁለት ሐዲድ በአንድ ስም

ከአዲስ አበባ በስተደቡብ፣ በአቃቂ ቃሊቲና በአካባቢው፣ በተለያየ ዘመን ሁለት ዐይነት ሐዲድ ተዘርግቷል። የመጀመሪያው ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የገባው መሥመር ሲሆን፣ አቃቂም ከጣቢያዎቹ አንዷ ነበረች፤ በሁለቱ ብረቶች መካከል ያለው ስፋት 1 ሜትር ነው። ሁለተኛው በመስከረም ወር 2009 ዓ.ም. የተመረቀውና በእንዶዴ በኩል የሚያልፈው የኤሌክትሪክ ባቡር መሥመር ነው፤ የዚህኛው ስፋት 1 ሜትር ከ43.5 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ሁለቱም የጅቡቲ መሥመር ናቸው፤ ነገር ግን የአንደኛው ፉርጎ በሌላው ላይ አይሄድም። ስለዚህ ፉርጎ የሚልክ ሰው የመሥመሩን ስም ሰምቶ ቢረካ ይሳሳታል፤ ሜትር ይዞ ወርዶ ቢለካ ግን አይሳሳትም።

የኮምፒዩተር ፕሮግራም ጸሐፊዎች ይህን ቀላል የሚመስል ነገር እስኪረዱት ድረስ ሃያ ዓመት ያህል ፈጅቶባቸዋል። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ታሪኩ የሚጀምረው በ1969 በአሜሪካ፣ በቤል ላቦራቶሪ ከተፈጠረው ዩኒክስ ከተባለው ሥርዓት ነው። ዩኒክስ በ1973 በሲ ቋንቋ እንደገና ከተጻፈ በኋላ ከአንድ ዐይነት መኪና ወደ ሌላ ዐይነት ለመዛወር ቻለ። ከዚህም የተነሣ ፕሮግራም ተሰፍቶ እንዳለቀ ልብስ ሳይሆን፣ ገና እንዳልተሰፋ ጨርቅ፣ በጽሑፍ መልኩ ከአገር ወደ አገር ይላክ ጀመር፤ ተቀባዩም በራሱ ኮምፒዩተር ላይ ወደ መኪናው ቋንቋ አስተርጕሞ ይገጣጥመዋል። በ1976 የዚያው የቤል ላቦራቶሪ ባልደረባ የነበረው ስቱዋርት ፌልድማን ሜክ የተባለውን የመገጣጠሚያ ፕሮግራም ሠራ። መነሻው የሚያስቅ ነው፤ አንድ የሥራ ጓደኛው የታረመውን ፋይል እንደገና ሳያስተረጕም ቀርቶ፣ ስሕተቱ በተወገደለት ፕሮግራም ውስጥ ስሕተት ሲፈልግ ማለዳውን ሙሉ አጠፋ። ሜክ የትኛው ፋይል ከየትኛው በኋላ እንደተለወጠ ያውቃል፤ ስለሚሠራበት መኪና ግን ምንም አያውቅም።

መኪኖቹ ደግሞ መለያየት ጀምረው ነበር። በአንድ ወገን በበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ የተዘጋጀው ዩኒክስ፣ በሌላ ወገን የኤቲ ኤንድ ቲ ኩባንያ ሲስተም ፋይቭ ቆሙ። በአንድ ጽሑፍ ውስጥ የተወሰነች ፊደል ፈልጎ የሚያገኘው ንኡስ ፕሮግራም በበርክሌይ «ኢንዴክስ»፣ በሲስተም ፋይቭ «ስትር-ቻር» ይባል ነበር፤ ሥራው አንድ፣ ስሙ ሁለት። ጸሐፊዎቹ መጀመሪያ ያገኙት መፍትሔ «መኪናው በርክሌይ ከሆነ ይህን፣ ሲስተም ፋይቭ ከሆነ ያንን» ብሎ መደንገግ ነበር፤ ይኸውም የመሥመሩን ስም እንደ መጠየቅ ነው። ሰን የተባለው ኩባንያ የሁለቱንም ወገን ንብረት የያዘ ሥርዓት ባወጣ ጊዜ ድንጋጌው ተፋለሰ።

በ1984 ላሪ ዎል የዜና ማንበቢያ ፕሮግራሙን ሲያሰራጭ ኮንፊገር የተባለ ጽሑፍ አብሮ ላከ፤ ይህም ጽሑፍ መኪናውን ራሱ እየመረመረ፣ ያልተረዳውን ብቻ ባለቤቱን ይጠይቅ ነበር። ትልቁን እርምጃ የወሰደው ግን ዴቪድ ማኬንዚ ነው። ማኬንዚ በ1991 የነጻ ሶፍትዌር ፋውንዴሽንን ልዩ ልዩ መገልገያዎች ይጠብቅ ነበር፤ ተጠቃሚው በእጁ መርጦ የሚሞላቸው ነጥቦች ወደ ሃያ ደርሰው ነበርና፣ መልሱን ከመኪናው የሚያወጣ አነስተኛ ጽሑፍ በዚያ ዓመት ሰኔ ላይ አዘጋጀ። በ1992 ሥራው አውቶኮንፍ ተባለ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ፕሮግራሙ ከመገጣጠሙ በፊት ጥቂት መሥመሮች ብቻ ያሉት የሙከራ ፕሮግራም ይጻፋል፤ በውስጡም ያ የሚፈለገው አገልግሎት ይጠራል። ሙከራው ከተገጣጠመ አገልግሎቱ አለ፤ ካልተገጣጠመ የለም። ውጤቱ በአንድ ፋይል ይመዘገብና ዋናው ፕሮግራም ያንን እያነበበ ራሱን ያስተካክላል። የመኪናው ስም ማን ነው ብሎ የሚጠይቅ የለም። አሮጌም ሆነ ከሁለት የተዳቀለ፣ ፈተናውን ያለፈ መኪና ሁሉ ተቀባይነት አለው፤ ያገለገለ ኮምፒዩተር ገዝቶ ለሚሠራ አገር ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ለፊደላችንም ጉዳዩ ቅርብ ነው። በ1999 የወጣው ዩኒኮድ 3.0 የግዕዝን ፊደልና ምልክቶች በ345 ቁጥሮች መዝግቧል። ዩቲኤፍ-8 በተባለው አጻጻፍ እያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይወስዳል፤ የላቲኑ «ኤ» የሚወስደው 1 ብቻ ነው። በጽሑፍ ማሳያ መስኮት ላይ የሚሠራ ፕሮግራም ሲገጣጠም ኤንከርስስ የተባለው ቤተ መጻሕፍት ሰፊ ፊደል የሚችለው ዐይነት መኖሩን መፈተን ይገባዋል። ፈተናው ከተዘለለ ግን ፕሮግራሙ ያለ አንዳች ቅሬታ ይገጣጠማል፤ «ሀ» በሚጻፍበት ስፍራ ትርጕም የሌላቸው ምልክቶች ይታያሉ፣ ጥፋቱንም የሚያየው አማርኛ አንባቢው እንጂ ፕሮግራሙን የጻፈው አይደለም።

ይህ ዝምታ የሥርዓቱ ደካማ ጎን ነው። ፈተናው ሲወድቅ ነገሩ «የለም» ተብሎ ይታለፋል እንጂ ለምን እንደወደቀ የሚመረምር የለም፤ አውቶኮንፍ የሚያመነጨው ጽሑፍም በሺሕ የሚቆጠር መሥመር ስላለው የሚያነበው አይገኝም። በ2024 ኤክስዜድ በተባለው የፋይል ማጨቂያ ላይ የደረሰው ጥቃት የተጠጋው እዚህ ነው። አጥቂው ለዓመታት ታማኝ ረዳት መስሎ ከቆየ በኋላ፣ በ5.6.0 እና በ5.6.1 እትሞች እሽግ ውስጥ ከአውቶኮንፍ ፈተናዎች ጋር የተመሳሰለ ፋይል ጨመረ፤ ፋይሉም በግልጽ በሚታየው የጋራ መዝገብ ውስጥ አልነበረም። አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለው መሐንዲስ ከሩቅ ወደ ኮምፒዩተሩ ሲገባ ግማሽ ሴኮንድ ያህል መዘግየት አስተውሎ ምክንያቱን ሲከታተል ነገሩን ደረሰበት፤ መጋቢት 29 ቀንም ይፋ አወጣው።

በማግስቱ ሌላ ነገር ተገኘ። ሲሜክ በተባለው፣ ከ2000 ጀምሮ በታወቀው ሌላ የመገጣጠሚያ ሥርዓት ፋይል ውስጥ፣ ላንድሎክ የተባለው የሊኑክስ መከላከያ መኖሩን የሚፈትን አጭር ሙከራ ነበር። በሙከራው መካከል፣ በራሷ መሥመር ላይ፣ አንዲት ነጥብ ተቀምጣለች። በነጥቧ ምክንያት ሙከራው በየትኛውም መኪና ላይ ሊገጣጠም አይችልም፤ ስለዚህ መከላከያው ባለበት ሁሉ «የለም» እየተባለ ሲዘጋ ነበር። የፕሮግራሙ ነባር ጠባቂ ላሴ ኮሊን ነጥቧን አጠፋት።