ማኅተም፣ ፊርማ፣ አሻራ፦ ስለ ሐረር የእጅ ጽሕፈት

የግእዝ ፊደል እያንዳንዱ ለብቻው ቆሞ የሚጻፍ ነው፤ መልካም እጅ ያለውም ሰው በአማርኛ «ቁም ጸሐፊ» ይባላል። በጀጎል ግንብ ውስጥ የነበረው ልማድ ግን ሌላ ነው። ሐረሪዎች ቋንቋቸውን ለረጅም ዘመን የጻፉት ፊደሎቹ እርስ በርሳቸው በሚያያዙበት በዐረብኛ ጽሕፈት ነበር፤ ከቀደምቱ ድርሳናት አንዱ «ኪታብ አል-ፈራይድ» ነው። ስለዚህ ቅጥልጥሉ ጽሕፈት በሐረር የችኮላ ሳይሆን የትምህርትና የውል እጅ ነበር።

አሚሮቹ ደብዳቤያቸውን የሚያጸኑት በማኅተም ነው፤ ዳግማዊ ምኒልክም እንዲሁ። የዐረብኛው «ኻተም» እና የግእዙ «ማኅተም» ከአንድ ሴማዊ ሥር የወጡ ናቸውና፣ ሐረር በ1879 ዓ.ም. በምኒልክ ሥር ስትገባ ገዢው ተለወጠ እንጂ የማጽኛው ስም ባዕድ አልሆነም። ከዚያው ከ«ኀተመ» የዛሬው «አተመ» ተወለደ። የካፑቺን ሚሲዮናውያን በሐረር ያቋቋሙት ማተሚያ ከ1905 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ጋዜጣ አውጥቷል፤ የቁም ጸሐፊውን እጅ ሥራ ያስፈታውም ይኸው የማኅተም ልጅ መሆኑ ያስገርማል።

«ፊርማ» ግን እንግዳ ነው። ከኢጣልያንኛ የመጣ ስም ሲሆን፣ በአማርኛ ግሥ አበጅቶ «ፈረመ፣ አስፈረመ፣ ተፈራረመ» እየተባለ እንደ አገር ተወላጅ ይረባል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ተዋዋዩ በገዛ እጁ እንዲፈርም፣ መጻፍ የማይችል ግን የጣቱን አሻራ እንዲያኖር ደነገገ። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ደግሞ አሻራ ያኖር ለነበረው ብዙ ሰው ስሙን መጻፍ አስተማረው።

ፈራሚው ሁሉ ፊርማውን ራሱ ይፈጥራል። የስሙንና የአባቱን ስም መነሻ ፊደላት ወስዶ ያቆላልፋል፣ ጅራት ይጨምርላቸዋል፤ በትምህርት ቤት ተለያይተው እንዲቆሙ የተባሉት ፊደላት እዚህ ይያያዛሉ። አንዳንዱም በላቲን ፊደል ይፈርማል። አንባቢ ስሙን ለይቶ ማንበብ ባይችልም ፊርማነቱ አይቀርም።

ከዚህ የሚከፋው በሐረር ቤቶች የሚገኘው የአያት ውል ዕጣ ነው። ልጆች ሐረሪን በግእዝ ፊደል ከተማሩ ወዲህ፣ የዐረብኛውን ቅጥልጥል እጅ የሚያነብ ሰው እያነሰ ሄዷል፤ ወራሹ የመሬቱን ሰነድ ይዞ ወደ ተርጓሚ መሄድ ግድ ይሆንበታል። ተርጓሚው «ኻተም»ን «ፊርማ» ብሎ ቢመልስ፣ ባለ ማኅተሙ በእጁ ያልጻፈውን እንደ ጻፈ ያስመሰክርበታል። «ማኅተም» ብሎ መተው ይሻላል፤ የምስክሮችም ስም ከሰፈረ «ምስክር» እንጂ «ፈራሚ» መባል የለባቸውም።

የኤሌክትሮኒክ ፊርማ አዋጅ ቁጥር 1072/2010 ከወጣ ወዲህ ደግሞ «ፊርማ» እጅም ቀለምም የሌለበትን ነገር ይሰይማል። «በእጅ የተጻፈ የስም ምልክት» የሚለው ፍቺ አሁን ከቃሉ ትርጉሞች አንዱ ብቻ ሆኗል።