ቡኔሽቲና መንደሮቿ፦ የአንድ ወገን መዝገብ፣ የብዙ ወገን ታሪክ

በሩማንያ መካከለኛ ክፍል፣ ከብራሾቭ ወደ ሲጊሾዋራ በሚዘልቀው አውራ ጎዳና አካባቢ፣ ቡኔሽቲ የተባለች አነስተኛ የገጠር አስተዳደር ትገኛለች። ስሟን ከሰጠችው መንደር ሌላ ክሪጽን፣ ሜሸንዶርፍን፣ ሮዋዴሽንና ቪስክሪን ታስተዳድራለች። የእነዚህን አምስት መንደሮች ያለፈ ዘመን የሚመረምር ሰው የሚቸገረው ሰነድ በማጣት ሳይሆን፣ ሰነዱን የጻፈው በአመዛኙ አንድ ወገን በመሆኑ ነው። መዝገብ ያኖሩትና የቤተ ክርስቲያን ሒሳብ የያዙት የጀርመንኛ ዘዬ ተናጋሪዎቹ ሳክሶኖች ናቸው፤ ሩማንያውያን፣ ሀንጋሪያውያንና ሮማዎች በዚያ ጽሑፍ ብቅ የሚሉት በሌላ ሰው ብዕር ነው። ስለዚህ የመዝገቡን ዝምታ እንደ ሰው አለመኖር እንዳንቆጥረው ከመነሻው መጠንቀቅ ይገባናል። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጥንቃቄው የሚፈተነው ገና ከአሰፋፈሩ ጥያቄ ጀምሮ ነው። ሳክሶኖቹን መንደሮቹ ወደሚገኙባት ትራንሲልቫንያ የጋበዛቸው ከ1141 እስከ 1162 የነገሠው የሀንጋሪ ንጉሥ ዳግማዊ ጌዛ መሆኑ ብዙም አያከራክርም፤ የሚያከራክረው መጤዎቹ ሲደርሱ እዚያ ማን ነበር የሚለው ነው። በ12ኛው ምዕተ ዓመት ማብቂያ አካባቢ የጳጳሱ መልእክተኛ የሰጠው ብያኔ ንጉሡ የሰጣቸውን ምድር ጠፍ ይለዋል፤ የኋላ ዘመን ጸሐፍትም ዱር መንጥረው አገር ያቀኑ አባቶችን ትረካ የገነቡት በዚህ ላይ ነው። ይሁን እንጂ ንጉሥ ዳግማዊ እንድርያስ በ1224 ለሰፋሪዎቹ የሰጠው የመብት ቻርተር፣ ማለትም አንድሬአኑም፣ የቭላኮችና የፔቼኔጎች (የሩማንኛ ተናጋሪዎችና የቱርክ ዘር ዘላኖች) የተባለውን ደን ከእነርሱ ጋር በጋራ እንዲጠቀሙበት ይፈቅዳል። ሁለቱም ሰነዶች መንደሮቻችንን በስም ባይጠቅሱም፣ ደን በስማቸው የሚጠራ ሕዝቦች የነበሩበት አገር ሰው አልባ ነበር ብሎ መደምደም አይቻልም። የቪስክሪ ምድርም ወደዚሁ ያዘነብላል፦ በ1970ዎቹ መጀመሪያ በተካሄደ ቁፋሮ ከዛሬው ቤተ ክርስቲያን ሥር የ12ኛው ምዕተ ዓመት ትንሽ ጸሎት ቤት የተገኘ ሲሆን፣ አብዛኞቹ ተመራማሪዎች ሠሪዎቹ ከሳክሶኖች በፊት በአካባቢው የነበሩት ሀንጋርኛ ተናጋሪ ሴኬሎች ናቸው ይላሉ። ሳክሶኖቹ ያገኙትን ሕንጻ አስፍተው የራሳቸው አደረጉት እንጂ ከባዶ አልጀመሩም።

ሳክሶኖች ሁሉ ከንጉሡ በቀር ጌታ የሌላቸው ነጻ ገበሬዎች ነበሩ የሚለው የተለመደ አባባልም ሳይጣራ አይወሰድም። ክሪጽና ሜሸንዶርፍ የኬርጽ ሲስተርሲያን ገዳም ርስት ነበሩና፣ የሀንጋሪ ንጉሥ ማቲያስ ገዳሙን በ1474 እስኪያፈርሰው ድረስ የእነዚህ መንደሮች ሰው የአባ ምኔት ጭሰኛ እንጂ ከቪስክሪው ጎረቤቱ ጋር እኩል መብት ያለው አልነበረም።

የ1241ዱ የሞንጎል ወረራ፣ ከዚያም በ15ኛው ምዕተ ዓመት የበረታው የኦቶማን ጥቃት፣ አብያተ ክርስቲያናቱን ምሽግ አደረጋቸው። የቪስክሪው ቅጥር ዛሬም ቆሞ ይታያል። የመንደሩ ሰው እህሉን በእንጨት ሣጥን፣ ያጨሰውን የአሳማ ሥጋ ደግሞ በግንቡ ውስጥ ያኖር ነበር፤ እያንዳንዱ ቤተሰብ የራሱን ሙዳ በምልክት ይለየዋል፣ በሳምንት አንድ ቀንም የድርሻውን ቆርጦ ይወስዳል። ከጦርነት ዘመን የተወለደው ይህ ልማድ ጦርነቱ ካበቃ በኋላም ለብዙ ትውልድ ቀጠለ። ከምሽጉ ውጭ ያለውን ኑሮ የሚመራው የጎረቤታሞች ማኅበር ነበር፤ ቀብር ያስፈጽማል፣ ቤት ሲሠራ ጉልበት ያዋጣል፣ የቀረውን ይቀጣል። ከእኛ እድር ጋር የሚመሳሰልበት ብዙ ነው፤ የሚለይበት ግን ይበልጣል፣ አባልነቱ በቋንቋና በሃይማኖት የታጠረ ነበርና። በ16ኛው ምዕተ ዓመት ሳክሶኖች ሉተራን ሲሆኑ ኦርቶዶክሱ ሩማንያዊ በሕግ ከታወቁት አራት ሃይማኖቶች ውጭ ቀረ፤ ሮማዎቹም በመንደሩ ጠርዝ ሰፍረው በአንጥረኝነትና በሌላ የእጅ ሙያ ያገለግሉ ነበር።

አጥሩ የላላው በድንጋጌ ነው። የሀብስበርጉ ንጉሠ ነገሥት ዳግማዊ ዮሴፍ በ1781 ሌሎች ሕዝቦች በሳክሶን ምድር ንብረት እንዲይዙ ፈቀደ፤ የሳክሶኖች ራስ ገዝ አስተዳደርም በ1876 ተሻረ። በጥር 1919 ተወካዮቻቸው ሜዲያሽ ላይ ተሰብስበው ትራንሲልቫንያ ከሩማንያ ጋር መቀላቀሏን ደገፉ።

ከ1945 በኋላ ያለው ትረካ ደግሞ ሁለት ወገን አለው። በዚያ ዓመት ጥር ወር ከ17 እስከ 45 ዓመት የሆናቸው ወንዶችና ከ18 እስከ 30 ዓመት የሆናቸው ሴቶች ወደ ሶቪየት ኅብረት የግዳጅ ሥራ ተጋዙ፤ ከመላው ሩማንያ የተወሰዱት ጀርመኖች 70,000 ያህል ይገመታሉ። በመጋቢት የወጣው የመሬት ሕግ እርሻቸውን ወሰደ። ሳክሶኑ ይህን ዝርፊያ ብሎ ያስታውሰዋል፤ መሬቱን ያገኘው ምንዱብ ሩማንያዊ ወይም ሮማ ግን የአያቶቹ ዕዳ የተከፈለበት ቀን አድርጎ ሊያየው ይችላል። ሁለቱም ትዝታዎች ምንጭ ናቸው፤ አንዱን ለሌላው ማስረጃ ማድረግ ግን አይገባም። በ1978 የሩማንያው መሪ ቻውሼስኩና የምዕራብ ጀርመኑ መራሔ መንግሥት ሽሚት ከተስማሙ በኋላ ምዕራብ ጀርመን በነፍስ ወከፍ ገንዘብ እየከፈለች ጀርመኖችን ትወስድ ነበር፤ ድንበር ሲከፈት በ1990 ብቻ ከ100,000 በላይ ወጡ። በፈቃዳቸው ሄዱ ወይስ ተሸጡ የሚለው ክርክር መልስ የሚያገኝ አይመስለንም፤ በአንድ ቤተሰብ ውስጥ እንኳ ሁለቱም እውነት ነበሩ።

ቪስክሪ በ1999 በዩኔስኮ መዝገብ ሰፈረች፤ የዛሬው የብሪታንያ ንጉሥ ቻርልስ በ2006 እዚያ ቤት ከገዙ በኋላ ዝናዋ ገነነ። ጎብኚው የሚያደንቀው የሳክሶን ግንብ ቢሆንም፣ ጣራውን የሚጠግነውና የሱፍ ካልሲ ሠርቶ የሚሸጥለት በአብዛኛው ሮማ ወይም ሩማንያዊ ነው። ስለዚህ የእነዚህን መንደሮች ታሪክ ለመጻፍ የሚነሣ ተመራማሪ ከሳክሶን ማኅደር አስቀድሞ የ1945ቱን የመሬት ድልድል ሰነድ እንዲገልጥና በሕይወት ያሉትን የሮማ አዛውንት እንዲጠይቅ እናሳስባለን።