የእንጨት እንክብል

አናጺ ቤት አጠገብ ያደገ ሰው የሰጋቱራ ምድጃን ያስታውሳል። በትልቅ ጣሳ መሐል ጠርሙስ ይቆማል፣ ዙሪያው በሰጋቱራ ይጠቀጠቃል፣ ከዚያ ጠርሙሱ ቀስ ተብሎ ይነቀላል። በቀረው ቀዳዳ በኩል እሳቱ ከታች ወደ ላይ ይተነፍሳል። በደንብ የተጠቀጠቀው ረጅም ሰዓት ይነዳል፤ የላላው ይደረመስና ቤቱን በጭስ ይሞላዋል።

በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ ብዙ ቤት የሚሞቅበት «ፔሌት» ያው ሰጋቱራ ነው፤ የሚጠቀጥቀው ግን ማሽን ነው። ደቆ የደረቀው ሰጋቱራ በወፍራም ብረት ላይ በተበሱ ጠባብ ቀዳዳዎች በኃይል ሲገፋ ይግላል፤ በእንጨቱ ውስጥ ያለው ሊግኒን የሚባል ተፈጥሯዊ ማጣበቂያ ይለሰልሳል፣ ሲቀዘቅዝም ይጠነክራል። የሚወጣው ብዙውን ጊዜ 6 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው፣ የሚያብረቀርቅ፣ ከጣት አንጓ ብዙም የማይረዝም ቁራጭ ነው። ሰጋቱራ የሚለውን ቃል የወሰድነው ከጣልያንኛ ነው፤ ጣልያንም ዛሬ እነዚህ ምድጃዎች እጅግ ከተስፋፉባቸው አገሮች አንዷ ናት።

በአማርኛ ምን እንበለው? «ፔሌት» ብለን ብንተወው ያግባባል፣ ስለ ነገሩ ግን ምንም አይነግረንም። «የእንጨት ጠጠር» ሲሉ ሰምቻለሁ፤ ጠጠር ግን ውሃ ውስጥ ጠጠር እንደሆነ ይቀራል። እኔ «እንክብል» እላለሁ። የመድኃኒት እንክብል ዱቄት ተጨምቆ የሚሠራ፣ ውሃ ሲነካው የሚፈርስ፣ በልክ የሚሰጥ ነው። ይኸኛውም በሦስቱ ይመስለዋል። አንዱን ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ጣሉት፤ እንደ ማገዶ አይንሳፈፍም፣ ይሰምጣል። ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ ያብጥና ተመልሶ ሰጋቱራ ይሆናል። ስለዚህ ጆንያው እርጥበት ካገኘው ገንዘባችሁ ቀለጠ ማለት ነው።

ምድጃውንም «የእንክብል ምድጃ» ብንለው ይበቃል። ወጥ አይሠራበትም፣ ክፍል ያሞቃል፤ ቢሆንም እሳት መሞቅ ከምድጃ ዳር መሆኑን ቋንቋችን ያውቃል። ለቤት የሚሆነውን ዓይነት እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በዋሽንግተን ግዛት ካስተዋወቁት ሰዎች አንዱ የቦይንግ መሐንዲስ የነበረው ጄሪ ዊትፊልድ ነው። ከምድጃው ላይ ወይም ከኋላው እንክብሉ የሚፈስበት ሣጥን አለ፤ ጎታ ብንለው ደስ ይለኛል። ከጎታው ሥር በሞተር የሚዞር ጠመዝማዛ ዘንግ እንክብሉን ጥቂት ጥቂት እያደረገ እሳቱ ላይ ይጥላል። አጠገቡ ለተቀመጠ ሰው ድምፁ ይሰማዋል፤ ቆሎ ሸክላ ላይ ሲንጠባጠብ ይመስላል።

ሊገዛ የሚያስብ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ መብራት ይሁን። ዘንጉም፣ አየር የሚገፋው ማራገቢያም፣ መለኮሻውም የሚሠሩት በኤሌክትሪክ ነው። የሚፈጀው ብዙ አይደለም፤ ግን መብራት ሲጠፋ ምድጃውም ይጠፋል፣ ያውም ቅዝቃዜው በበረታበት የማዕበል ሌሊት። ማገዶ በጠፋ ጊዜ ሳይሆን መብራት በጠፋ ጊዜ ቤቱን ምን እንደሚያሞቀው ሳያስቡ መግዛት ስሕተት ነው። መጠባበቂያ ባትሪ የሚቀበል ሞዴል መኖሩን ጠይቁ።

ቀጥሎ መጠኑ። ሻጭ ትልቁን እንድትገዙ ማግባባት ይወዳል። 8 ኪሎዋት የሚሰጥ ምድጃ በሙሉ ኃይሉ በሰዓት 2 ኪሎ ገደማ እንክብል ይበላል፤ አውሮፓ ውስጥ የተለመደው የ15 ኪሎ ከረጢት ለአንድ የሥራ ቀን ያህል ሰዓት ይበቃል። ከቤቱ በላይ የሆነ ምድጃ ቀኑን ሙሉ በትንሹ ሲንቀረፈፍ የበሩ መስተዋት በጥላሸት ይጠቁራል፣ አመዱም ይበዛል። ለቤቱ የሚመጥነው አነስተኛ ምድጃ በደንብ ቢነድ ይሻላል።

እንክብሉ ራሱ ከምድጃው እኩል ምርጫ ይፈልጋል። በአውሮፓ «ኤንፕላስ ኤ1» የሚለው ምልክት አመዱ ከ0.7 በመቶ፣ እርጥበቱም ከ10 በመቶ እንዳይበልጥ ያስገድዳል። ከረጢቱ ሥር ብናኝ ከተጠራቀመ አትግዙ፤ ብናኝ ዘንጉን ያንቃል።

አንድ ነገር ግን አጥብቄ እናገራለሁ። በብዛት ተከማችቶ በተዘጋ ክፍል የተቀመጠ እንክብል ሳይነድ እንኳ ካርቦን ሞኖክሳይድ ያመነጫል። በተዘጋ ቤት ከሰል ሰውን እንዴት እንደሚያፍን የምናውቅ ሰዎች ይህን ልንዘነጋው አይገባም፤ በአውሮፓ እንዲህ ያለ ማከማቻ ገብተው የሞቱ ሰዎች አሉ። በርከት አድርጎ የሚገዛ ሰው አየር በሚገባበት ደረቅ ቦታ ያስቀምጠው። ምድጃው ባለበት ክፍልም የጋዙን ማስጠንቀቂያ መሣሪያ ይስቀል፤ የጭስ ማውጫውን ቧንቧም ባለሙያ ይግጠመው።