የፍሪሲዮን ፖምፓ
የነጂው እግር ፔዳሉን ሲረግጥ የሚሰጠውን ኃይል፣ በታሸገ ፈሳሽ ላይ ያረፈ ግፊት ሳይጎድል በየአቅጣጫው እንደሚዳረስ ብሌዝ ፓስካል በ17ኛው ምዕተ ዓመት ባስረዳው ሕግ መሠረት፣ ከላይኛው ፖምፓ በቱቦ ወደ ታችኛው አድርሶ ሞተሩን ከካምቢዮ የሚለይ መሣሪያ ነው። ፍሪሲዮንና ካምቢዮ የጣልያንኛ ቃላት ናቸው፤ ከደባርቅ በሊማሊሞ ወደ አዲ አርቃይ የሚወርደው ጥምዝምዝ መንገድም የጣልያን ወረራ ዘመን (1928–1933 ዓ.ም.) ሥራ ነውና፣ ቃሉና መንገዱ መንትያ ናቸው ቢባል ነውር የለውም።

በእንዲህ ያለ ዳገት ማርሽ እጅግ ስለሚለዋወጥ የፖምፓው ጎሚኒ (የላስቲክ ማሸጊያ) ቶሎ ያልቃል፤ ፔዳሉ ተረግጦ ወለሉ ላይ ከቀረ፣ ማርሽም አልገባ ካለ፣ ምልክቱ ይኸው ነው። በቤቱ የሚለውጥ ሰው መኪናውን በሜዳ አቁሞ፣ ጎማውን በድንጋይ ደግፎ፣ ሁለቱንም ፖምፓ ባንድነት ቢለውጥ ይበጀዋል፤ አንዱ ካረጀ ሌላው አይዘገይምና። መፍታቱና ማሰሩ ቀላል ነው፤ ድካሙ አየሩን ማስወጣት ላይ ነው፦ ረዳቱ ፔዳሉን ረግጦ እንደ ያዘ፣ ከታች ያለው ሰው የማስተንፈሻውን ቡሎን ከፍቶ አረፋ የቀላቀለውን ዘይት ያስወጣል፣ የረዳቱም እግር ሳይነሣ መልሶ ይዘጋል፤ አረፋው እስኪጠፋ ድረስ ይህ ይደጋገማል፣ የላይኛው ማጠራቀሚያም ከቶ እንዲደርቅ አይፈቀድም። የሚጨመረው የፍሬን ዘይት ነው፤ የሞተር ዘይት ጎሚኒውን አሳብጦ ያበላሻል። የፍሬን ዘይት ቀለም ስለሚልጥ፣ በመኪናው ገላ ላይ ከፈሰሰ ወዲያው በውሃ ይታጠባል።