ሲቪኢ-2022-24713

ሲቪኢ-2022-24713 በራስት የፕሮግራም ቋንቋ ጽሑፍ ለመፈለግና ለመፈተሽ የሚያገለግለው ሪጄክስ የተባለ ላይብረሪ ውስጥ የተገኘ የደኅንነት ክፍተት ነው። የራስት የደኅንነት ቡድን እ.ኤ.አ. ማርች 8 ቀን 2022 ይፋ ያደረገው ሲሆን፣ ስሪት 1.5.4ንና ከእሱ በፊት የወጡትን ሁሉ ይነካል። አጥቂው በዚህ ክፍተት መረጃ አይሰርቅም፤ ፕሮሰሰሩን በከንቱ ሥራ ጠምዶ አገልግሎቱን ያስተጓጉላል።

ሪጄክስ በጥቅሉ ጽሑፍ የሚፈለግበት ንድፍ ነው። ብዙዎቹ የሪጄክስ ሞተሮች ለእንዲህ ያለ ጥቃት የሚጋለጡት ፍለጋው ሳይሳካ ሲቀር ወደ ኋላ እየተመለሱ ሌላ አማራጭ ስለሚሞክሩ ነው። እ.ኤ.አ. ጁላይ 2 ቀን 2019 የኢንተርኔት ኩባንያውን የክላውድፍሌርን አገልግሎት ለ27 ደቂቃ ያህል ያሽመደመደው በዚህ መንገድ የሚሠራ አንድ የሪጄክስ ንድፍ ነበር። የራስቱ ላይብረሪ ግን ይህን አደጋ ለማስቀረት ታስቦ የተሠራ ነው፤ ያለ ገደብ ወደ ኋላ አይመለስም። ከማይታመን ሰው የመጣ ንድፍ ቢሰጠው እንኳ እንደሚቋቋም በሰነዱ ቃል ገብቷል። ክፍተቱ ክብደት ያገኘው ይህን ቃል ስላፈረሰ ነው።

ላይብረሪው ንድፉን ሲቀበል ወደ ትእዛዞች ይለውጠዋል። ትእዛዞቹ የሚይዙት ሜሞሪ ከጣሪያው ካለፈ ንድፉን ውድቅ ያደርጋል፤ ጣሪያው ካልተቀየረ 10 ሜጋባይት ነው። ይህ መከላከያ የሚቆጣጠረው ሜሞሪን እንጂ ጊዜን አልነበረም። በቅንፍ ውስጥ ምንም ያልተጻፈበት ባዶ ንዑስ ንድፍ ደግሞ ሜሞሪ አይፈጅም። አጥቂው ይህን ባዶ ነገር 4,294,967,295 ጊዜ እንዲደገም ቢያዝ፣ የሜሞሪው ሒሳብ ሳይጨምር ላይብረሪው ድግግሞሹን አንድ በአንድ ሲቆጥር ይከርማል። ንድፉ ሲጻፍ ከ20 ምልክት አይበልጥም።

እርማቱ አጭርና ብልህ ነው። ከስሪት 1.5.5 ጀምሮ ባዶው ንዑስ ንድፍ ሜሞሪ እንደያዘ ተደርጎ ይታሰባል፤ ስለዚህ ሲደጋገም ጣሪያውን ያልፍና ውድቅ ይሆናል።

አደጋው ያለው ንድፉን ራሱን ከውጭ ሰው በሚቀበሉ ፕሮግራሞች ላይ ነው፤ ለምሳሌ ተጠቃሚው በሪጄክስ እንዲፈልግ በሚፈቅድ አገልግሎት ላይ። ፕሮግራመሩ በጻፈው ንድፍ የውጭ ጽሑፍ ብቻ የሚፈትሽ ፕሮግራም አይነካም። የደኅንነት ቡድኑ የመከረው ወደ አዲሱ ስሪት ቶሎ መሸጋገርን ነው። አደገኛ ንድፎችን ለይቶ ማገድን አልደገፈም፤ ምክንያቱም ክፍተቱን ተጠቅመው ሊጻፉ የሚችሉ ንድፎች ተቆጥረው አያልቁም።